የተዋጊው በሬ ሕግና የእንጨት ሥራ ቤቱ ማሽን

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 አንድ የሥራ ላይ አደጋ ተጽፏል። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቆርጡ ዱር ይገባሉ። አንደኛው ምሳሩን ሲሰነዝር ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይመታና ይገድለዋል። ሕጉ ይህን ሰው ለደም መላሽ አሳልፎ አይሰጥም። በሁለቱ መካከል የቆየ ቂም አልነበረምና ወደ መማጸኛ ከተማ ሸሽቶ በሕይወት እንዲኖር ይፈቅድለታል። ደም መመለስ ለጎጃም ገጠር እንግዳ ነገር ስላልሆነ፣ ይህን ምዕራፍ የሚሰማ የቡሬ ወይም የወንበርማ ገበሬ የነገሩን ክብደት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ዛሬ ደግሞ እጀታ የሌለው፣ የሚሰነዝረውም ክንድ የሌለበት መቁረጫ መጥቷል። ሲኤንሲ ራውተር ይባላል። ትልቁ ለፋብሪካ ነው። ትንሹ ግን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ ገመድ ይገናኛል፣ በትርፍ ሰዓቱ እንጨት ለሚቀርጽ ወጣትም ሆነ የአልጋ ራስጌ ለሚሠራ አናጺ ይበቃል። በኮምፒውተር የተሳለውን ሐረግ ወይም መስቀል ያለ ሰው እጅ በዋንዛ ጣውላ ላይ ይቀርጻል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሳይታሰብ ከሐረጉ ይወጣና ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆት ይሄዳል። ያን ጊዜ የዘዳግሙ ጥያቄ እንደገና ይነሣል፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ለመመለስ ሥራውን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል። የሰው ሐሳብ የተቀረጸ እንጨት እስኪሆን ድረስ በብዙዎች በኩል ያልፋል። መጀመሪያ ሰው ሥዕሉን ይስላል። ቀጥሎ አንድ ሶፍትዌር ቢቱ፣ ማለትም የሚሽከረከረው መቁረጫ፣ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ምን ያህል ጠልቆ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያሰላል፤ ገበሬ በሬዎቹን ከመንዳቱ በፊት ትልሙን ከየት ጀምሮ የት ላይ እንደሚያዞር በዓይኑ እንደሚለካው ነው። ከዚያ ፖስት ፕሮሰሰር የሚባለው ስሌቱን ጂ-ኮድ ወደሚባለው የማሽን ቋንቋ ይተረጉመዋል። በመጨረሻ ማሽኑ ቦርድ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ኮዱን መስመር በመስመር አንብቦ ለሞተሮቹ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። በትንንሾቹ ማሽኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ገርብል ነው። ከነዚህ በአንዱ ዘንድ የተፈጠረ ስሕተት በዓይን የሚታየው ግን እንጨቱ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ከተበላሸ በኋላ።

ከስሕተቶቹ ቀላሉ የመለኪያው ነው። ሥዕሉ በኢንች ተሠርቶ ማሽኑ በሚሊሜትር ካነበበው፣ 12 ኢንች ሊሆን የታሰበው መስቀል 12 ሚሊሜትር ብቻ፣ ከጥፍር የማይሰፋ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው የእርምጃ ቁጥር ነው። የተለመደው ስቴፐር ሞተር አንዴ ሲዞር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ ቦርዱ እያንዳንዷን እርምጃ ለ16 ሲከፍላት 3,200 ትሆናለች። ሞተሩ የሚያዞረው ረጅም ብሎን በአንድ ዙር 8 ሚሊሜትር የሚያስኬድ ከሆነ፣ ለአንዱ ሚሊሜትር 400 ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። ቦርዱ ላይ 800 ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ ግን ሥራው ሁሉ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ አልዋሸም፤ የተነገረውን ቁጥር በታማኝነት ቆጥሯል።

በጣም የሚያስደነግጠው የኩርባው ስሕተት ነው። ክብ ነገር ለመቁረጥ ኮዱ የኩርባውን መድረሻና የክቡን መሐል መናገር አለበት። መሐሉን የሚናገሩት ቁጥሮች ግን በሁለት መንገድ ሊነበቡ ይችላሉ፤ ቢቱ አሁን ካለበት ቦታ ተነሥተው የተለኩ ናቸው ተብሎ፣ ወይም ከጣውላው ዜሮ ነጥብ ተነሥተው የተለኩ ናቸው ተብሎ። ተርጓሚው በአንዱ ጽፎ ማሽኑ በሌላው ካነበበ፣ የጣት ጫፍ የምታህለው ኩርባ ከጣውላው አልፎ የሚሄድ ግዙፍ ክብ ትሆናለች። ማክ3 በሚባለው የታወቀ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ይህን ክብ በደንብ ያውቁታል። ገርብል እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያደርጋል። ከመነሻው እስከ መሐሉ ያለውን ርቀት ከመድረሻው እስከ መሐሉ ካለው ጋር ያስተያያል፤ የክብ ወሰን ላይ ያሉ ነጥቦች ሁሉ ከመሐሉ እኩል መራቅ አለባቸውና። ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ካለፈ «ስሕተት 33» የሚል መልእክት ልኮ ይቆማል። ባለቤቱ ምን ማለቱ ይሆን ብሎ አይገምትም።

ኮዱ እንከን ሳይኖረው ሥራው የሚበላሽበትም ጊዜ አለ። ርካሹ ማሽን የት እንዳለ የሚያይበት ዓይን የለውም፤ የት መሆን እንዳለበት ብቻ ይቆጥራል። ቢቱ ቅርንጫፍ በቅሎበት ከነበረ ጠጣር ቦታ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ጥቂት እርምጃ ሊስት ይችላል። ቦርዱ ግን እንደተራመደ ቆጥሮ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሐረግ ሁሉ ያንኑ ያህል ተዛንፎ ይቀረጻል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስም እንዲሁ ነው፤ ዜሮው ተመልሶ ካልተያዘ በቀር ማሽኑ ከየት እንዳቋረጠ አያውቅም።

ታዲያ ማሽን ይሳሳታል ሊባል ይችላል? ለመሳሳት መጀመሪያ ማሰብ ያስፈልጋል። ስሕተት ማለት በታሰበውና በሆነው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ጣውላውን ለሁለት የሰነጠቀው ራውተር ደግሞ ያሰበው ነገር አልነበረም። ትእዛዙ እንዲህ አለ፣ እንዲህም አደረገ። ስለዚህ ሐሳቡ የጠፋው ከሰው ወደ ሰው፣ ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ሲተላለፍ በአንዱ ቦታ ላይ ነው። ስሕተቱ የሰው መሆኑ አይቀርም። ያ ሰው ግን ማሽኑ አጠገብ የቆመው ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት በሌላ አህጉር ተቀምጦ ትርጉሙን የጻፈ ፕሮግራመር ነው፤ ምናልባትም ማሽኑን አሽጎ ሲልክ ቁጥሩን ሳያስተካክል ያለፈ ሻጭ ነው።

ትእዛዝን እስከ መጨረሻው መፈጸም በራሱ ጽድቅ እንዳልሆነ የዚህ አገር ሰው ከማሽን በፊት ያውቀዋል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ የምትገኘው ማንኩሳ፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣባት ናት። በዚያ ልብ ወለድ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው እንዲያድግላቸው ሲሉ ለቤተ ክርስቲያን ብፅዓት ያደርጉታል። ቃሉ የተነገረው ከፍቅር ነው፤ የታሰበውም የልጁ ሕይወት ነበር። ልጁ አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ግን ያው ቃል አንቆ ይይዘዋል። እዚያ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው መፈለግ ዋጋ የለውም። የጠፋው፣ ቃሉ ሲነገር የታሰበውን ከቃሉ ጋር አያይዞ የሚመረምር ሰው ነው።

በየሥራ ቤቱ ግን አንድ ነገር ሲበላሽ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ነካው?» የሚል ነው። ጥያቄው ሰው ይፈልጋል እንጂ ምክንያት አይፈልግም። ተለማማጁ ልጅ ይደነግጣል፤ ቢነካም አልነካሁም ይላል፤ ያየውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ አብሮት ይደበቃል። በገጠሩ ይህ ልማድ ከዚህም የጠለቀ ሥር አለው። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ ዕቃ ሲሰነጠቅ ነገሩን ትቶ ዓይኑ የከፋ ሰው መፈለግ ኖሯል፤ ያ ዓይንም ብዙ ጊዜ የተፈለገው ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቤት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ የሚሸምነውንና የሚጽፈውን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። አዋጁ ሙያውን ከስድብ ለማዳን ሞከረ። ለጥፋት ሁሉ ሰው የመፈለጉ ልማድ ግን በአዋጅ የሚጠፋ አልነበረም።

ሃይማኖቱ በዚህ ላይ ከልማዱ የተሻለ ትዕግሥት አለው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 4 ባለማወቅ ስለተሠራ ኃጢአት ይናገራል። ባለማወቅ የተሠራ ነውና የለም ብሎ አያልፈውም፤ ሰውየው ያደረገው ነገር በታወቀው ጊዜ መሥዋዕት እንዲያቀርብ ያዝዘዋል። በኦርቶዶክሱ ጸሎት ውስጥም ምእመኑ በማወቅ ስለሠራው ብቻ ሳይሆን ባለማወቅ ስለሠራውም ምሕረት ይለምናል። በእስልምናም ቁርኣን በአን-ኒሳእ ምዕራፍ በስሕተት የገደለን አስቦ ከገደለ ለይቶ ያየዋል፤ የካሣና የማካካሻ ግዴታ ግን ይጥልበታል። በቡሬ ገበያ ጎን ለጎን የሚሸምቱት የሁለቱ ሃይማኖት ሰዎች እዚህ ላይ አይለያዩም። ያላሰበ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይደለም፤ የሆነው ነገር ግን ዕዳ ጥሎበት ያልፋል።

ከሁሉ የተሳለው ፍርድ የሚገኘው ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ነው፤ የተዋጊው በሬ ሕግ። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ከትናንት ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተዋጊ ከነበረና ባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ከገደለ ግን ባለቤቱም በሞት ይጠየቃል። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቀንዱም ያው ቀንድ። የተለወጠው ባለቤቱ ማወቁ ነው። ያው ኦሪት ዘዳግም ደግሞ በምዕራፍ 22 ገና ያልደረሰ አደጋን ያስባል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው እንዳይወድቅበት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን መንገድ በራሱ ቋንቋ ሄዶበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ጥፋት የሚመጣን ኃላፊነት ሲዘረዝር ስለ እንስሳት፣ ስለ ሕንፃዎች፣ ስለ ማሽኖችና ስለ ባለሞተር ተሽከርካሪዎች በተከታታይ ይደነግጋል፤ ባለቤቱ ጥፋተኛ ባይሆንም ጉዳቱን ይክሳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ለቅጣት ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል፤ ወይ ሆን ብሎ ማድረግን፣ ወይ ቸልተኝነትን። ቸልተኛ የሚለውም ሊመጣ የሚችለውን አይቶ የናቀውን ወይም ማየት እየተገባው ያላየውን ነው። ከሁለቱ ውጭ የሆነ ድንገተኛ ነገር አያስቀጣም። መክፈልና መበደል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሕጉም ኦሪትም ያውቃሉ። ጣውላ የተበላሸበት ደንበኛ ጣውላው ሊተካለት ይገባል። ይህ ማለት ግን አናጺው በድሏል ማለት አይደለም።

የዚህ ፍርድ ሚዛን ከጣውላ በላይ የሆነ ነገር ሲመጣበት ምን ያህል እንደሚያገለግል ኢትዮጵያ በከባድ ዋጋ አይታዋለች። በቁጥር የሚታዘዝ መቁረጫ ራሱ የተወለደው ከአውሮፕላን ሥራ ነው። የሄሊኮፕተር ክንፍ ይሠራ የነበረው ጆን ፓርሰንስ ሐሳቡን አመነጨ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ገንዘቡን አወጣ፣ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1952 ማሽኑን ሠርቶ አሳየ። ከዚያ በኋላ ቁጥር አውሮፕላንን ከመሥራት አልፎ ወደ ማብረር ገባ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ በኢንዶኔዥያ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰዎች አለቁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዚያው ዓይነት አውሮፕላን የሆነው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። በሁለቱም ላይ አንድ የአውቶማቲክ ሥርዓት ከአንድ ብቸኛ ጠቋሚ የተሳሳተ መረጃ እየተቀበለ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ደፍቶታል። ሥርዓቱ የተነገረውን አደረገ። የተነገረው ግን ውሸት ነበር።

ከሁለተኛው አደጋ በኋላ «ማን ነካው?» የሚለው ጥያቄ በውጭ አገርም ተሰምቶ ነበር፤ ጣቱም ወደ አብራሪዎቹ ተቀሰረ። በኋላ የወጣው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ባደረገው ውስጣዊ ስሌት፣ ሥርዓቱ ካልታረመ በአውሮፕላኖቹ ዕድሜ ውስጥ እስከ 15 ተጨማሪ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ገምቶ ነበር። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ቦይንግ በዚሁ ጉዳይ ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። በዘጸአት ሚዛን የጥቅምቱ በሬ የመጀመሪያ ጊዜ ወግቷል ለማለት የሚከራከር ሊኖር ይችላል። የመጋቢቱ በሬ ግን ተዋጊነቱ ታውቆ በረት ያልተዘጋበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ስሕተት በብዙ እጅ ላይ ከተበተነ፣ የሁሉም ሆኖ የማንም አይሆንም? ሠዓሊው ወደ ሶፍትዌሩ፣ የሶፍትዌሩ ባለቤት ወደ ማሽኑ ሻጭ፣ ሻጩ ወደ ተጠቃሚው ያሳብባል፤ በመካከሉ ጣውላው ተሰንጥቆ፣ ሰው ሞቶ ይቀራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። መልሱም በጎጃም አድባራትና ገዳማት በብራና ላይ ይገኛል። ቁም ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ይወጋል፣ ያለ ቀለም መስመር ያሰምራል፤ ሲሳሳት ቀለሙን በቢላ ፍቆ እንደገና ይጽፋል። መጽሐፉ ሲያልቅ ደግሞ በግእዝ የታወቀ ልመና ይጨምራል፤ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመውና ለሰማው ሁሉ አንድ ላይ ምሕረትን ይለምናል። ሰንሰለቱን በስም ይጠራዋል። ምሕረቱ የጋራ መሆኑ ግን የአንዱን ሥራ በሌላው ላይ አልጣለም፤ አስጻፊው መፋቂያ አይዝም፣ ጸሐፊውም የብራናውን ዋጋ አይከፍልም። እያንዳንዱ በራሱ ቦታ ላይ ያየውን የማረም ግዴታ አለበት።

ይህ በእንጨት ሥራ ቤት ሲታይ ግልጽ ነው። ፕሮግራመሩ ትርጉሙን ይጠብቅ፤ ገርብል የኩርባውን ሁለት ርቀት እንደሚያስተያይ፣ የማይስማማ ትእዛዝ ሲመጣ የሚቆም ሥርዓት ይሥራ። ሻጩ ቁጥሩን ሞልቶ ይላክ። ማስነሻውን የሚጫነው ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ሸክም አለበት፤ የሚበልጠውም ከሁሉ ስለሚያውቅ ሳይሆን ማቆም የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ኮዱን መጀመሪያ በኮምፒውተሩ ላይ ያየዋል። ቀጥሎ ቢቱን ከጣውላው በላይ አንሥቶ በአየር ላይ ያስኬደዋል። ከዚያ በማያሳዝን ቁራጭ ላይ ይሞክራል። መለኪያው ኢንች ይሁን ሚሊሜትር ያረጋግጣል። 100 ሚሊሜትር ተንቀሳቀስ ብሎ አዝዞ በሜትር ይለካል። ሲቆርጥ እጁን ከድንገተኛ ማቆሚያው አያርቅም፤ ድምፁ ሲለወጥ፣ ፍቅፋቂው ወደ ብናኝ ሲለወጥ፣ ጣውላው ሲንቀጠቀጥ ማሽኑን ያቆማል። እነዚህ ምልክቶች በዘጸአት ቋንቋ ለባለቤቱ መነገሩ ናቸው። ከተነገረው በኋላ የሚቀጥል አናጺ ያላወቀ ሰው ነኝ ማለት አይችልም።

የመለኪያ ስሕተት ለትልልቆቹም አልቀረም፤ ናሳ ወደ ማርስ የላካት መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መለኪያ፣ ሌላው በሜትሪክ ስለሠራ ነው። የድርጅቱ ኃላፊዎች ያኔ የተናገሩት ሊታወስ ይገባዋል። ሰው ይሳሳታል፤ ችግሩ ስሕተቱ ሳይሆን ምርመራው ሳይዘው ማለፉ ነው።

ጉዳዩ የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ቡሬን ማየት ይበቃል። የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካም በከተማዋ ተተክሏል። በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን ወደ ምዕራብ ጎጃም የሚመጣው እንግዲህ በጠረጴዛ ላይ ብቻ አይደለም። በትንሿ ራውተር ላይ «ማን ነካው?» ማለት የለመደ ወጣት፣ ነገ በትልቁ ማሽን ፊት ሲቆም ያንኑ ይላል፤ ያየውን ምልክት መደበቅ የለመደም ያንኑ ይደብቃል። እዚያ የሚሰነጠቀው ደግሞ ጣውላ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ የሥራ ቤት ባለቤቶችና የቴክኒክና ሙያ መምህራን አንድ ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። ከየማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ይኑር። የተበላሸው ሥራ፣ የተሰማው ድምፅ፣ የወጣው የስሕተት ቁጥር፣ የተቀየረው ቅንብር ሁሉ በቀኑ ይጻፍበት። የጻፈው ልጅ ስለጻፈ አይቀጣ፤ አይቶ ያልጻፈ ግን ይጠየቅ። ማሽኑን ቀጥሎ የሚይዘው ሰው ከማስነሣቱ በፊት ያንን ገጽ ያንብብ።